የእሾህ አክሊሉ እሾህ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን ነው። ፓሪስ ሄጄ ኖትርዳም ውስጥ የጌታችንን የእሾህ አክሊል ተሳለምኩ። እሾህ ግን አንድም አላየሁበትም፤ የደረቀ ሣር ቀለበት ነው። አብሮኝ የነበረው የወንድሜ ልጅ ‹ይሄ የመካከለኛው ዘመን ቢዝነስ ነው፤ የመስቀሉ ስብርባሪ የሚሉት ሁሉ ቢሰበሰብ መርከብ ይሞላል› ብሎ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ስፈልግ ኢንተርኔት ላይ ‹ከአክሊሉ የወጣ እሾህ› የሚል፣ ቀይ የሰም ማኅተምና የላቲን ወረቀት ያለው ትንሽ የብር ማኅደር አገኘሁ። ዋጋው 1,400 ዩሮ ነው። ለእናቴ ልገዛላት አስቤ ነበር። እውነት ከዚያ አክሊል የወጣ ይሆን?»

አይግዙት። ምክንያቱ እንዲገባዎት ግን ከአክሊሉ ልጀምር። እርስዎም የወንድምዎ ልጅም ያያችሁትን ነገር በተሳሳተ መንገድ ነው የተረዳችሁት።

እሾህ አለመኖሩ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ያዩት ቀለበት ከቄጠማ የተጎነጎነ ነው። ከዳር እስከ ዳር 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በወርቅ ክር ተጠፍሮ በክሪስታል ቱቦ ውስጥ ተቀምጧል። እሾሆቹ በመካከለኛው ዘመን አንድ በአንድ እየወጡ ለነገሥታት፣ ለጳጳሳትና ለገዳማት ተሰጡ። ማለትም ቀለበቱን ባዶ ያስቀረው ስጦታ ነው።

ፓሪስ የገባበት መንገድ ራሱ ጉድ ነው። በ1204 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአራተኛው የመስቀል ጦርነት ዘማቾች ሙስሊሞችን እንወጋለን ብለው ወጥተው ቁስጥንጥንያን ዘረፉ። ክርስቲያን የክርስቲያንን ከተማ ማለት ነው። በዚያን ዘመን ቁስጥንጥንያን የሚያህል የቅዱሳት ቅሪቶች ክምችት የትም አልነበረም፤ የቅዱሳን ዐፅም፣ የልብሳቸው ቁራጭ፣ የጌታችን ሕማማት መታሰቢያ የሚባሉት ነገሮች ሁሉ እዚያ ነበሩ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ማርቲን የሚባል የአልዛስ ገዳም አበምኔት ነበር። አንዱን ሽማግሌ ቄስ በሞት አስፈራርቶ የብረት ሣጥን አስከፈተው። ከዚያ ሁለት እጁን ከቶ ዘረፈ፤ ቀሚሱን ሰብስቦ እንደ ከረጢት ሞልቶት ወጣ። ይህን የነገረን ጠላቱ እንዳይመስልዎት። የራሱ ገዳም መነኩሴ ጉንተር ነው፣ ያውም እያወደሰው። ቅዱሱ ራሱ መሄድ ባይፈልግ ኖሮ አይሰረቅም ነበር፤ ያኔ የሚያምኑት እንደዚያ ነው።

አክሊሉ ግን በቤተ መንግሥቱ ቀረ። ዘማቾቹ ያቆሙት መንግሥት ድሃ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ባልድዊን ገንዘብ ፍለጋ ምዕራብ አውሮፓን ሲዞር፣ እቤት የቀሩት መኳንንት አክሊሉን ለቬኒስ ሰዎች በ13,134 የወርቅ ሳንቲም አስያዙት። አዎ፣ እንደ ቤት ካርታ መያዣ ሆነ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዘጠነኛው ሉዊ ዕዳውን ከፍሎ አስለቀቀው። በኦገስት 1239 ሲገባም ንጉሡ በባዶ እግሩ፣ በተራ ቀሚስ፣ ከወንድሙ ጋር ተሸክሞ ተቀበለው። ለዚሁ ብሎ ሳንት ሻፔል የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ በ1248 ተባረከ። እንደሚነገረው ሕንፃው 40,000 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ሲፈጅ ለአክሊሉ የወጣው 135,000 ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ይያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ቅሪት መሸጥና መግዛት ያኔም ክልክል ነበር። ስለዚህ ነገሩ በወረቀት ላይ ሽያጭ አልነበረም። ባልድዊን አክሊሉን «በስጦታ ሰጠ»፤ ሉዊ ደግሞ ለብቻው «ዕዳ ከፈለ»። ብልጠቷ ያኔ ተጀመረች ባይባልም በዚያን ጊዜ በደንብ ትታወቅ ነበር።

ከዚያ እሾሆቹ መውጣት ጀመሩ። ሉዊ በ1259 አካባቢ አንዱን ለኢጣሊያዋ ቪቼንዛ ጳጳስ ሰጠ። ተከታዮቹም ነገሥታት ለዘመድና ለወዳጅ ሰጡ። አንድ እሾህ መስጠት ከመንፈሳዊ በረከቱ ሌላ የፖለቲካ ገመድ ነው፤ ተቀባዩ ከፈረንሳይ ዙፋን ጋር ይታሰራል። ከእነዚህ አንዱን ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ማየት ይችላሉ። የቤሪው መስፍን ዣን በ1390ዎቹ ያሠራው የወርቅ ማኅደር ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከታች ትንሽ ግንብ አለ፤ በማማዎቹ ላይ መላእክት መለከት ይነፋሉ፤ ሙታን ከመቃብራቸው ክዳኑን እየገፉ ይነሣሉ። መካከል ላይ ከክሪስታል መስኮት ጀርባ አንዲት ረጅም ቀጭን እሾህ በትልቅ ሰንፔር ላይ ቆማለች። ዙሪያው ዕንቁና ቀይ የከበረ ድንጋይ ነው። አለባበሱ ይህን ያህል የሆነ እሾህ ሳይ ዓይኔን ከእሾሁ ይልቅ ወርቁ ይስበዋል፤ መስፍኑም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

የዚህ ማኅደር ቀሪ ታሪክ ለእርስዎ ጉዳይ ትምህርት አለው። ከጊዜ በኋላ ቪየና በሀብስቡርግ ነገሥታት ግምጃ ቤት ተቀመጠ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሳሎሞን ዋይኒንገር ለሚባል አንጥረኛና ነጋዴ ለጥገና ተሰጠ። ሰውየው አስመስሎ ሠራና ቅጂውን መለሰ፤ እውነተኛውን ሸጠው። ግምጃ ቤቱ ለረጅም ዘመን አላወቀም። የንጉሠ ነገሥት ባለሙያዎች እጃቸው ላይ ያለውን ካልለዩ፣ እኔና እርስዎ በስልክ ስክሪን ላይ ካለ ፎቶ ምን እንለያለን?

ወደ ወንድምዎ ልጅ ልምጣ። ግማሹ ልክ ነው። የመርከቧ ቀልድ ከፕሮቴስታንቱ መሪ ከካልቪን የመጣች ናት፤ በ1543 የመስቀሉ ስብርባሪ ቢሰበሰብ አንድ ትልቅ መርከብ ይጭናል ብሎ ጽፏል። በ1870 ሮ ደ ፍለሪ የሚባል ፈረንሳዊ ነገሩን ቁጭ ብሎ ሒሳብ ሠራበት። የታወቁትን ስብርባሪዎች መጠን እያሰላ ደመረ። ወደ 3.9 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር መጣለት። ሰው የሚሰቀልበት መስቀል ግን በግምቱ 178 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። አብዛኞቹ ስብርባሪዎች ከስንጥር የማይበልጡ ናቸው። ስለዚህ መርከቧ አትሞላም፤ አንድ ምሰሶም አይወጣው። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ሒሳብ ቀልዱን ውድቅ ያደርጋል እንጂ አንዱንም ስንጥር እውነተኛ አያደርገውም።

የእሾሆቹ ነገር ሌላ ነው። በአውሮፓ «ከአክሊሉ» የሚባሉት እሾሆች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ይህን ያህል ከአንድ ቀለበት ሊወጣ አይችልም። የዚህ ዋና ምክንያት ግን ውሸት አይደለም፤ ማስነካት ነው። ከጥንት ጀምሮ አንድን ጨርቅ ወይም ዕቃ ከቅሪቱ ጋር አስነክቶ እንደ በረከት መስጠት የተለመደ ነበር። የሮሙ ፖፕ ታላቁ ጎርጎርዮስ፣ የቁስጥንጥንያዋ ንግሥት የቅዱስ ጳውሎስን ራስ ላክልኝ ብትለው እምቢ አለ፤ በሮም ልማዳችን ዐፅም አንነካም፣ መቃብሩን የነካ ጨርቅ ነው የምንሰጠው አላት። በ16ኛው መቶ ዘመንም የሚላኖው ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዎ እዚያ ያለውን የመስቀል ችንካር አስመስለው እንዲሠሩ አድርጎ፣ ቅጂዎቹን ከዋናው ጋር አስነክቶ አደለ። ሰጪም ተቀባይም ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። መቶ ዓመት ሲያልፍ «የነካው» የምትለው ቃል ትጠፋና «ችንካሩ» ብቻ ይቀራል። እሾሆቹም አብዛኞቹ በዚህ መንገድ በዝተዋል ብዬ አምናለሁ። የቀሩት ደግሞ በነጋዴ።

ነጋዴው ነበር፣ ይህን አልደብቅም። የመካከለኛው ዘመን ሰዎችም ደደቦች አልነበሩም። የኖዣኑ አበምኔት ጊቤር በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ «የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ እኛ ጋ ነው» የሚሉ ሁለት ቦታዎችን ጠቅሶ አፊዟል፤ ሁለት ራስ ነበረው እንዴ ብሎ። በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ ቅሪት ከማኅደሩ አውጥቶ ማሳየትንና ለሽያጭ ማቅረብን ከልክሏል፤ አዲስ የተገኘም ያለ ሮሙ ፖፕ ፈቃድ እንዳይከበር ደነገገ። ክልከላው እንዲህ የተጻፈው ነገሩ በየሜዳው ስለሚሠራ ነው። የሳክሶኒው ገዥ ጠቢቡ ፍሬድሪክ ደግሞ ዊተንበርግ ላይ ከ18,000 በላይ ቅሪት ሰብስቦ ነበር። እያንዳንዷን ለጎበኘ ሰው ከሞት በኋላ ከሚጠብቀው ቅጣት የሚቀነስ ዓመት ይታሰብለት ነበር። ማርቲን ሉተር የሚያስተምረው እዚያው ከተማ ነበር፤ ሰውየው በምን እንደተቆጣ መገመት አይከብድም። የፍሬድሪክ ስብስብ ብዙም ሳይቆይ ተበተነ፤ ማኅደሮቹ ቀለጡ።

ከዚያ የመፍረስ ዘመን መጣ። እንግሊዝ ውስጥ በ1538 የሄንሪ ስምንተኛ ሰዎች የካንተርበሪውን የቶማስ ቤኬት መቃብር አፍርሰው ወርቁን በጋሪ አጓዙ። በሄይልስ ገዳም የጌታችን ደም ተብሎ የኖረውን ጠርሙስ መርምረው በሳፍሮን የቀላ ማር ነው አሉ። መርማሪዎቹ ገዳሙን ለመዝጋት የተላኩ ሰዎች እንደነበሩ ግን አይርሱ። ፈረንሳይ ውስጥ ተራው የደረሰው በአብዮቱ ነው። በ1793 የንጉሥ መቀቢያው ዘይት የሚቀመጥበት የሬንስ ጠርሙስ በአደባባይ በመዶሻ ተሰበረ። የፓሪስ ጠባቂ የምትባለው የቅድስት ዠንቪዬቭ ዐፅም ተቃጠለ። የሳንት ሻፔል ትልቁ የወርቅና የብር ማኅደር ቀለጠ። አክሊሉም ሲጎሳቆል ሦስት ቦታ ተሰበረ። ያተረፈው ግን ወርቅ አለመሆኑ ነው፤ ለመንግሥት ሣር ምን ያደርግለታል? ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እንደ ጥንታዊ ዕቃ ተላከ። በ1804 ለፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ ተመለሰ፤ በ1806 ኖትርዳም ገባ። አፕሪል 15 ቀን 2019 ጣሪያው ሲነድ ከእሳቱ አወጡት። ዲሴምበር 2024 ላይ ተመልሶ እርስዎ ያዩበት ቦታ ተቀመጠ።

እንግዲህ ያንን ቀለበት በተመለከተ በእርግጠኝነት የምንለው ይህን ነው። ከ1238 ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት መንገድ በጽሑፍ ይታወቃል። ከዚያ በፊት በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት እንደነበረ እናውቃለን። ኢየሩሳሌም ውስጥ ምእመናን የእሾህ አክሊል ይሳለሙ እንደነበረም በ5ኛው መቶ ዘመን ተጽፏል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ እስከ ስቅለቱ ቀን ድረስ፣ አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ክፍተት አለ። ያን ክፍተት የሚሞላው እምነት ነው፤ የታሪክ ባለሙያ የሚሞላው አይደለም። ያለ ሰነድ «ውሸት ነው» የሚል ሰውም ያለ ሰነድ «እውነት ነው» ከሚለው አይሻልም።

ላቦራቶሪ ይፍረድ የሚሉ አሉ። ላቦራቶሪ ዕድሜ ይነግርዎታል፤ ስም አይነግርዎትም። የፈረንሳይዋ ጀግና የዣን ዳርክ ዐፅም ተብሎ ሲቀመጥ የነበረው በ2007 ሲመረመር የግብፅ ሙሚ የጎን አጥንትና የድመት ጭን አጥንት ሆኖ ተገኘ። ሮም በሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ያለው የሐዋርያው ያዕቆብ ነው የተባለው የጭን አጥንት ደግሞ ከ214 እስከ 340 ባለው ጊዜ የኖረ ሰው መሆኑ ታወቀ። ሐዋርያው አይደለም፤ የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው እንግሊዝ ፎክስቶን ውስጥ በ1885 ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በእርሳስ ዕቃ የተገኘ ዐፅም አለ። በ2020 ሲመረመር በ7ኛው መቶ ዘመን የኖረች ወጣት ሴት ሆነች። የዚያው አካባቢ ቅድስት የምትባለው ኤንስዊዝ ለመሆኗ ባለሙያዎቹ እርግጠኞች ናቸው ማለት ይቻላል። በሄንሪ ዘመን አንድ ሰው ከአፍራሾቹ ደብቆ ግድግዳ ውስጥ የከተታት ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ናሙና ተወስዶ የተደረጉ ናቸው። የአንድ እሾህ ናሙና ለመውሰድ እሾሁን ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እርስዎ 1,400 ዩሮ። የላቲኑ ወረቀት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በብዛት ታትሟል። ከላይ የጳጳሱ ስምና ማዕረግ ከነዓርማው በኅትመት ይገኛል። መካከል ላይ ባዶ መስመር አለ፤ የቅሪቱ ስም በብዕር ይሞላበታል። ከታች ቀንና ፊርማ አለ። የማኅደሩን ጀርባ ቢያዩት ቀይ የሐር ክር ተላልፎ ታስሮ በቀይ ሰም ታትሟል፤ በሰሙ ላይ ያለው ዓርማ ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። ሁሉም ቢገጥም የሚያረጋግጥልዎ አንድ ነገር ነው፦ ያ ጳጳስ በዚያ ቀን ይህን ዕቃ ከሌላ ቅሪት አወጣሁ ብሎ አትሟል። ከየትኛው እሾህ? የወጣ ነው ወይስ የነካ? ከ1239 እስከዚያ ቀን ድረስ በማን እጅ ነበር? ወረቀቱ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። በዚያ ላይ እውነተኛ ወረቀት ከሌላ ማኅደር ጋር ማጣመር ለነጋዴ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሻጩን ቢጠይቁት «የምሸጠው የብር ማኅደሩን ነው፤ እሾሁ በነፃ ነው» ይልዎታል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ያቺ ቅድም ያዙልኝ ያልኩዎት ብልጠት ናት። የካቶሊክ ሕግ ቁጥር 1190 ቅዱስ ቅሪት መሸጥን ፈጽሞ ይከለክላል፤ የዘዴ ነገር አያድነውም። የኦርቶዶክስ ምእመን በሮም ሕግ አይዳኝም ቢሉኝ፣ የሲሞን መሠርይን ታሪክ እናትዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በእኛም ትውፊት ዐፄ ዳዊት የመጣላቸውን ወርቅ መልሰው ግማደ መስቀሉን ነው የጠየቁት። ግሸን የገባው ተገዝቶ አይደለም።

ሌላው ስጋት ስርቆት ነው። በጁን 2022 ከፈረንሳይ ፌካም ገዳም የጌታችን ደም የሚባለው ማኅደር ከነግምጃ ዕቃው ተሰረቀ። የታወቀ ቅርስ ስለሆነ ሌቦቹ መሸጥ አቃታቸው፤ በመጨረሻ አምስተርዳም ውስጥ አንድ የጠፉ ቅርሶች ፈላጊ በር ላይ ጥለውት ሄዱ። ስም የሌላት ትንሽ ማኅደር ግን እንዲህ አታስቸግርም። ከየትኛው የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንደወጣች ማንም ሳይጠይቅ ትሸጣለች፤ ተጠያቂው ገዢው ይሆናል።

ለእናትዎ የሚሆነው ሌላ ነው። አቅሙ ካለ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ኖትርዳም በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ አክሊሉን ለምእመናን ያወጣል። ከመሄድዎ በፊት ሰዓቱን ያረጋግጡ፤ በዐቢይ ጾም ቀኖቹ ይጨምራሉ። መሄድ ካልቻሉ ደግሞ በዚያ ቀን ያስነኩትን መስቀል ወይም መሐረብ ይላኩላቸው፤ ማኅደሩን እንዲያስነኩ ፈቃድ ከሰጡዎት ማለቴ ነው። ምን እንደሆነ ግን በትክክል ይንገሯቸው፤ «የነካ ነው» ይበሉ። ቅሪት በስጦታ ሲሄድ ክብሩ አይቀንስም። ቬኒሶች በ828 ከእስክንድርያ ሰርቀው የወሰዱትን የቅዱስ ማርቆስን ዐፅም ከፊሉን ሮም በ1968 ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን መለሰች። ካይሮ ላይ ካቴድራሉ ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር። የቅዱስ እንድርያስ ራስ በ1964 ለፓትራስ፣ የዮሐንስ አፈወርቅ ዐፅም በ2004 ለቁስጥንጥንያ እንዲሁ ተመለሱ። ሳንቲም አልተከፈለበትም።

ምናልባት ይህን ሲያነቡ ገዝተውት ከሆነ ገንዘብዎን ለማስመለስ ይሞክሩ፤ በአውሮፓ ኅብረት ከድርጅት በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ በአብዛኛው መብት ነው። ሻጩ ግለሰብ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። ካልተመለሰልዎት መልሰው አይሽጡት። ፊቱን፣ ጀርባውንና ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው በአካባቢዎ ወዳለው የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት ይውሰዱት፤ የተሰረቀ ከሆነም መነሻውን ለማጣራት ሊረዱዎት ይችላሉ። እስከዚያ ማኅደሩን እንዳይከፍቱት። የሐር ክሩ ከተቆረጠ ወይም ሰሙ ከተሰነጠቀ ወረቀቱና ዕቃው ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አብረው ነበሩ ብሎ ሊያረጋግጥልዎ አይችልም።